በሞላሌ ሕፃናትን ለሩጫ ስለ ማሠልጠን

ሞላሌ በመንዝ ደጋ፥ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ከብት እየጠበቀ፥ ከሩቅ መንደር ትምህርት ቤት እየተመላለሰ ያደገ የዚህ አገር ልጅ ሳይሠለጥንም እግሩ የጠነከረ ነው። ስለዚህ ሯጭ ልጅ ሲገኝ ረጅም ርቀት ለማስሮጥ መቸኰል ይመጣል፤ ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው። በልጅነት የሚያድገው የአጥንት ጫፍ ገና ያልጠና እንደ መሆኑ መጠን፥ ያለ ዕረፍት የሚደጋገም ሩጫ ጕልበትንና ተረከዝን ይጐዳል። የደጋው ስስ አየርም ፈጣን ሯጭን ቶሎ ያደክማል። ለልጅ የሚበጀው አጭር ሩጫ፥ ዝላይ፥ ጨዋታና በቂ ዕረፍት ነው።

የሸዋው አበበ ቢቂላ ማራቶንን የተለማመደው የክብር ዘበኛ ወታደር ከሆነ በኋላ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ 28 ዓመቱ ነበር። በአርሲ በቆጂ ደግሞ ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን በወጣትነታቸው ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። እንግዲህ ለጅማሬው ትልቅ ስታዲዮም አያስፈልግም ማለት ነው።

ስለ ማበረታታት፥ እኔ በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሽልማቱ ለአንደኛ ብቻ ነበርና አራተኛ የወጣ ጓደኛዬ ዳግመኛ አልሮጠም። ልጅን ከራሱ ከቀድሞው ሰዓቱ ጋር ማወዳደር ይሻላል። በሞላሌ ግን መምህሩ ከልጁ በፊት አባቱን ማነጋገር አለበት፤ ልጁ ሲሮጥ ከብቱን የሚጠብቅ ሌላ ሰው መገኘት አለበትና።