አቤቱታ ለፓርላማ፦ ወደ አራት ኪሎ ከመሄድ በፊት መታወቅ ያለበት

ባሕር ዳር፦ ለሌላ ዘገባ ወደ አንድ ወረዳ በሄድሁበት ዕለት ከጽሕፈት ቤቱ አጥር ጥግ አንድ አዛውንት አርሶ አደር ተቀምጠው አገኘሁ። በፌስታል የጠቀለሉት ወረቀት በጉልበታቸው ላይ ነበር፤ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ የቆዩ የግብር ደረሰኞች እና በቅርቡ የደረሳቸው የካሣ ግምት ደብዳቤ። ከማሳቸው ከፊሉ ለመንገድ ሥራ ይወሰዳል፤ ግምቱ ግን የባሕር ዛፋቸውን ቁጥር አሳንሶታል የሚል ቅሬታ አላቸው። ልጄ እያሉ፣ በሬያቸውን ሸጠው አራት ኪሎ ፓርላማ ድረስ ሊሄዱ መቁረጣቸውን አጫወቱኝ። ደብዳቤውን ተቀብዬ ሳነበው ቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ሊያበቃ የቀረው ከአንድ ሳምንት ያነሰ ነበር። ቅሬታው የሚቀርብበት ክፍል ደግሞ ከተቀመጡበት አጥር ውስጥ፣ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ይገኝ ነበር።

እኒህ አባት ብቻቸውን አይደሉም። በደል ደረሰብኝ የሚል ሰው ወደ ሀገሪቱ ከፍተኛ አካል መሄድን እንደ መጨረሻውና እንደ ትልቁ መፍትሔ ያየዋል። ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ መረዳት አያዳግትም።

አቤቱታ የሚለው ቃል ከ"አቤት" ጋር የተዛመደ ነው፤ የተበደለ ሰው ሰሚ ፍለጋ የሚያሰማው ጩኸት ነው። በዘውዱ ዘመን ይህ ጩኸት እስከ ዙፋን ችሎት ይደርስ ነበር። በ1923 ዓ.ም የወጣው ሕገ መንግሥት ኢትዮጵያውያን ለመንግሥት አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳላቸው ጠቅሶ ነበር፤ በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 63 ማንኛውም ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ደነገገ። ሰዎች ንጉሡ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ቆመው ወረቀታቸውን ይዘው ይጠብቁ ነበር። በዚያ ሥርዓት ከላይ የተቀመጠው አካል ሕግ አውጪም፣ አስፈጻሚም፣ የመጨረሻ ዳኛም ነበርና ወደ ላይ መሄዱ ምክንያት ነበረው። አንድ ቃል ከዙፋኑ ከወጣ የታችኛው ፍርድ ሊገለበጥ ይችል ነበር።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት ከመሰብሰብና ከሰላማዊ ሰልፍ መብት ጋር አብሮ አስቀምጦታል። መብቱ የማንኛውም ሰው ነው። ነገር ግን ሥልጣኑ ተከፋፍሏል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕግ ያወጣል፣ የፌዴራል መንግሥቱን በጀት ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል። ዳኛ ግን አይደለም። በአንቀጽ 79 መሠረት የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤቶች ብቻ ነው፤ ፍርድ ቤት የወሰነውን ጉዳይ ምክር ቤቱ ሊሽረው አይችልም። መሬትን የማስተዳደር ሥልጣንም በአንቀጽ 52 መሠረት፣ ፌዴራል መንግሥቱ በሚያወጣው ሕግ ማዕቀፍ ውስጥ፣ የክልሎች ነው። ስለዚህ የድንበር ግፊ፣ የውርስ መሬት ክርክር ወይም የደብተር ስም ስህተት ተይዞ አዲስ አበባ ቢደረስ፣ የሚጠበቀው መልስ ጉዳዩ የክልሉ ስለሆነ ወደ ክልሉ ይመለስ የሚል ነው። ሰውየው የትራንስፖርት፣ የአልጋና የምግብ ወጪውን አውጥቶ፣ የሥራ ቀናቱን አቃጥሎ ከተነሣበት ጠረጴዛ ይመለሳል።

ከገንዘቡ በላይ የሚጎዳው ግን ጊዜው ነው። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት የሚለቀቅበትንና ካሣ የሚከፈልበትን ሁኔታ የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ቅሬታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲኖር ያዝዛል፤ ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት አለ። በእያንዳንዱ ደረጃ ቅሬታው የሚቀርበው በቀናት በተወሰነ ገደብ ውስጥ ነው። ለፓርላማ አቤቱታ አስገብቻለሁ ማለት ይህንን የቀን ቆጠራ አያስቆምም። ከዚያ አጥር ጥግ የነገርኋቸውም ይህንኑ ነበር። በማግሥቱ የወረቀቱን ቅጂ ይዘው ወደ ቅሬታ ሰሚው ገብተዋል፤ ባሕር ዛፉም እንደገና እንዲቆጠር ጠይቀዋል። በሬው ሳይሸጥ ቀረ።

ታዲያ ለፓርላማ የሚገባው አቤቱታ የትኛው ነው? እኔ በቅርብ የማውቀውን የአፈር ማዳበሪያን ጉዳይ ልውሰድ። ማዳበሪያ ከውጭ የሚገዛው በኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን በኩል ነው፤ በጅቡቲ ወደብ ገብቶ ወደ ክልሎች ይጓጓዛል። ግዥው ከዘገየ፣ የውጭ ምንዛሪው በጊዜው ካልተፈቀደ፣ መርከቡ ካልደረሰ ጥያቄው የፌዴራል ነው። ማዳበሪያው ከዩኒየን መጋዘን ከደረሰ በኋላ በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል ለአርሶ አደሩ ሳይደርስ ከቀረ፣ ወይም ለነጋዴ ተላልፎ በእጥፍ ዋጋ ከተሸጠ ግን ተጠያቂው ቀበሌው፣ ወረዳው፣ ዞኑና ክልሉ ነው። በ2015 ዓ.ም የመኸር ወቅት በተፈጠረው እጥረት አርሶ አደሮች በየአካባቢው ጥያቄያቸውን ሲያሰሙ ሁለቱ ነገሮች ተደበላልቀው ይነገሩ ነበር። አንዱን ከሌላው ለይቶ የሚጽፍ አቤቱታ ለመልስ የቀረበ ነው፤ የተደበላለቀ አቤቱታ ግን አንዱ መሥሪያ ቤት በሌላው እንዲያሳብብ በር ይከፍታል።

በፌዴራል ተቋማት የሚሰጡ ሌሎች አገልግሎቶችም አሉ፤ የኤሌክትሪክ ኃይልና አገልግሎት፣ የፌዴራል መንገዶች፣ ቴሌኮም፣ ፓስፖርት። አንድ ከተማ ለወራት መብራት ተቋርጦበት ነዋሪው ከአገልግሎቱ ቢሮ በቂ መልስ ካላገኘ፣ ያ ጥያቄ በተወካዩ በኩል ምክር ቤት ሊደርስ ይገባዋል። የሕግ ክፍተትም እንዲሁ ነው። ካሣው ሕጉን ተከትሎ ተሰልቶ ሳለ ሕጉ ራሱ አርሶ አደሩን የሚጎዳ ከሆነ ያንን የሚያሻሽለው ሕግ አውጪው ነው።

ምክር ቤቱ የሚደርሱትን አቤቱታዎች ጉዳዩ ወደሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። የግብርና ጉዳይ ከሆነ የግብርና ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ አለ። ኮሚቴው የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ጠርቶ ሊጠይቅ፣ ሰነድ ሊያስቀርብ፣ በመስክ ተገኝቶ ሊያይ ይችላል። በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራት ሥልጣን ተሰጥቶታል። ከዚህ የሚገኘው ውጤት ማሳሰቢያ፣ የማስተካከያ አቅጣጫ፣ አንዳንድ ጊዜም የበጀት ወይም የሕግ ለውጥ ነው። ለአቶ እገሌ ይህን ያህል ብር ይከፈል የሚል ውሳኔ መጠበቅ አይገባም።

የአንድ ሰው በደል ሲሆን፣ ማለትም ፋይሌ ጠፋ፣ መልስ ተከለከልሁ፣ ያለ ምክንያት አመላለሱኝ የሚል ቅሬታ ሲኖር፣ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ሌላ በር አበጅቷል። ምክር ቤቱ በአንቀጽ 55 በተሰጠው ኃላፊነት የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምን በአዋጅ ቁጥር 211/1992 አቋቁሟል፤ ሕጉም በአዋጅ ቁጥር 1142/2011 ተሻሽሏል። ተቋሙ በባሕር ዳር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አለው። አቤቱታ በጽሑፍም በቃልም ይቀበላል፤ ክፍያ አይጠይቅም። መጻፍ የማይችል ሰው ለራፖር ጸሐፊ ሳይከፍል ጉዳዩን በአፉ መናገር ይችላል ማለት ነው። ተበዳዩ ራሱ መምጣት ካልቻለ የትዳር ጓደኛው ወይም ቤተሰቡ ሊያመለክትለት ይችላል። በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይን ግን ተቋሙ አይመረምርም። ሥልጣኑም የመፍትሔ ሐሳብ መስጠት ነው፤ ሪፖርቱን የሚያቀርበውም ለዚያው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በዚህ መንገድ የአንድ ቀበሌ ቅሬታ ባለቤቱ አዲስ አበባን ሳይረግጥ ፓርላማ ሊደርስ ይችላል።

ሰዎች አዘውትረው የሚያምታቱት ሌላው ነገር ሁለቱ ምክር ቤቶች ናቸው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉም አካል ነው። የመጨረሻው የፍርድ ቤት ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል የሚል ወገን አቤቱታውን የሚያቀርበው ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው፤ የትርጉም ጥያቄው ተቀባይነት ካገኘ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ይሄዳል። የማስረጃ ምዘናው አላረካኝም ማለት ብቻውን እዚያ አያደርስም።

አሁን አርሶ አደር አንባቢዎቼ በተለይ እንዲያስተውሉት ወደምፈልገው ነጥብ ልግባ፤ እርሱም የቀን መቁጠሪያው ነው። በአንቀጽ 58 መሠረት የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን የሚጀምረው በመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፤ የሚያበቃው ሰኔ 30 ቀን ነው። በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት ሊኖር ይችላል። የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 ይጀምራል። እንግዲህ የእርሻውን ወቅት ከዚህ ጋር እናስተያየው። በሰኔ የሚዘራ በቆሎ የዘር ማዳበሪያውን ከዘሩ ጋር ይፈልጋል፤ ከሳምንታት በኋላ ቢመጣ ሥሩ የሚፈልገው ጊዜ አልፏል። አርሶ አደሩ የማዳበሪያ ችግር የሚጮኸው መጋዘን ባዶ ሆኖ ሲያየው፣ በግንቦትና በሰኔ ነው። በዚያ ጊዜ ግን ምክር ቤቱ በጀት በማጽደቅ ተጠምዶ ሊዘጋ ተቃርቧል፤ ማዳበሪያው ደግሞ በባሕር ላይ ነው ወይም ገና አልተጫነም። ኮሚቴው ቢቆጣ እንኳ መርከብን በቁጣ አያፈጥነውም።

ስለዚህ የማዳበሪያ አቤቱታ መግባት ያለበት እህል ሲሰበሰብ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በዚያ ጊዜ ግዥው እየተከናወነ ነው፤ ኮሚቴው ስንት ኩንታል ተገዛ፣ ስንት ተጫነ ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ገና ሊስተካከል የሚችል ነው። ያለፈው ዓመት ችግርም በቀበሌው ሰው ትዝታ ውስጥ ገና ትኩስ ነው። በአውድማ ላይ ሆኖ ስለሚመጣው ሰኔ ማሰብ ከባድ እንደሆነ ከገበሬ ቤት ስላደግሁ አውቃለሁ፤ ሆኖም የምክር ቤቱ ጊዜ ከእርሻው ጊዜ ጋር የሚገጥመው ያኔ ነው።

ተወካዩን ለማግኘትም ወቅት አለ። ክልላችን በምክር ቤቱ ካሉት 547 መቀመጫዎች 138 የምርጫ ክልሎች አሉት። አባላቱ ምክር ቤቱ በሚያርፍበት ጊዜ ወደ መረጣቸው ሕዝብ ይወጣሉ፤ የክረምቱ ዕረፍት ዋነኛው ነው። ከመራጩ ጋር በሚደረግ ስብሰባ እጅ አውጥቶ መናገር ጥሩ ነው። ሆኖም የተነገረው በቃለ ጉባኤ ካልተጻፈ፣ አቤቱታውም በጽሑፍ ካልተሰጠ፣ መስከረም ላይ ምን ደረሰ ብሎ ለመጠየቅ መያዣ አይኖርም። ሕገ መንግሥቱ መራጩ እምነት ባጣበት ጊዜ ተወካዩን ከቦታው ማንሳት እንደሚችል መደንገጉንም ማወቅ አይከፋም።

የሌሎች ሀገሮችን ልምድ ብናይ፣ በብሪታኒያ ለፓርላማ በበይነ መረብ የሚቀርብ አቤቱታ 10,000 ፊርማ ሲያገኝ መንግሥት መልስ ይሰጣል፤ 100,000 ሲደርስ ለክርክር ሊቀርብ ይታያል። በዚያ የሚኖሩ ዘመዶቻችንም ነዋሪ በመሆናቸው ብቻ መፈረም ይችላሉ። በጀርመን ደግሞ የአቤቱታ ኮሚቴ መኖር በሕገ መንግሥት የተደነገገ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን የጻፈውም ይመረመራል። የእኛ ሕገ መንግሥት የፊርማ ቁጥር አላስቀመጠም። ይህ ለአንዱ ሰው በሩን ይከፍትለታል፤ ብዙዎች ሲፈርሙ ግን ምን ያህል ሲሆን ምክር ቤቱ ሊወያይበት እንደሚገባ የሚያስገድድ መለኪያ የለውም። በእኔ አመለካከት ይህ መሞላት ያለበት ክፍተት ነው።

ስለ አጻጻፉ ጥቂት ልበል። በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ካየኋቸው አቤቱታዎች ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከአያት ዘመን ነው፤ ጥያቄው የሚገኘው በአራተኛው ገጽ ግርጌ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። ምን እንደተፈጸመ፣ መቼ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት በስንት ቁጥርና ቀን በተጻፈ ደብዳቤ ምን እንደመለሰ፣ አሁን ምን እንዲደረግ እንደሚፈለግ ይጻፍ። ግልባጭ ለአሥር መሥሪያ ቤት ማድረግ አቤቱታውን አያከብደውም፤ እያንዳንዱ ሌላው መልስ ይሰጣል ብሎ እንዲያስቀምጠው ያደርጋል። የጋራ አቤቱታ ከሆነ የፈራሚዎች ስም፣ ቀበሌና ፊርማ በዝርዝር ይያያዝ፤ መፈረም የማይችል የጣት አሻራ ያኑር፤ ሁለት ወይም ሦስት ተወካይም ይመረጥ። ደብተሩ በባልና በሚስት ስም ሆኖ ሳለ ባል ብቻውን የፈረመበት አቤቱታ ደግሞ በኋላ ጥያቄ ያስነሣልና ሁለቱም ይፈርሙ።

ዋናው ደብተር ከቤት አይውጣ፤ የሚያያዘው ቅጂው ነው። አቤቱታው መዝገብ ቤት ሲገባም የገቢ ቁጥርና ቀን በራስ ቅጂ ላይ ይጻፍ፣ ማኅተምም ይደረግበት። ተመልሶ ለሚጠይቅ ሰው ቢሮው የሚፈልገው ያንን ቁጥር ነው።