ያውቁ ኖሯል? የዝሆን ዘመድ ገደል ላይ

ከቡታጅራ በስተምዕራብ ቀና ሲሉ የሚታየው የጉራጌ ተራራ ሰንሰለት፣ ዘቢዳርን ይዞ፣ ከ3,500 ሜትር በላይ ይዘልቃል። በእንዲህ ያለው ደጋ፣ በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ከሚኖሩት እንስሳት አንዱ ሽኮኮ ነው።

መልኩ ያሳስታል። ድንቡሽቡሽ፣ ጅራት አልባ፣ 4 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነው፤ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ተራሮች የሚኖረው ፒካም ይመስለዋል። ፒካ ግን የጥንቸል ወገን ሲሆን የሽኮኮ የቅርብ ዘመድ ዝሆን ነው! የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶቹ እንደ ዝሆን ጥርስ ዕድሜ ልካቸውን ያድጋሉ። እርግዝናው 7 ወር ያህል ይፈጃል፤ ለዚያች አካል እጅግ ረጅም ነው። ግልገሉም ፀጉር ለብሶ፣ ዓይኑን ገልጦ ይወለዳል።

ፒካ ለክረምቱ ብርድ ሣር ሰብስቦ ይከምራል። ሽኮኮ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም፤ የሰውነቱን ሙቀት መቆጣጠር ስለሚያዳግተው ግን ጠዋት ጠዋት ከመንጋው ጋር ፀሐይ ይሞቃል። አንዱ ዘብ ይቆማል፤ ንስር ብቅ ካለ ይጮኻል፣ ሁሉም ወደ ስንጥቁ ጥልቅ ይላል። ውስጥ እግሩ ለስላሳና ወዛም በመሆኑ ቀጥ ያለ ዓለት ላይ እንኳ አያንሸራትተውም።

ሰፈሩን ዓለቱ ያሳብቃል። መንጋው የሚሸናው አንድ ቦታ ነውና ሽንቱ ደርቆ ነጭ ዥንጉርጉር ምልክት ይተዋል። በደቡባዊ አፍሪካ ለብዙ ዘመን ተጠራቅሞ የጠጠረውን ሽቶ ቀማሚዎች በገንዘብ ይገዙታል።