ሽሮን በጋራ ማስፈጨት ምን ያተርፈናል?

እንደሚታወቀው ከግቢ ውጪ ቤት ተከራይተን የምንኖር ዕጩ መምህራን ብዙዎች ነን። ወሩ ገና ሳይጋመስ ኪሳችን ይነጥፍና ራት መዝለል ይመጣል። ራቱን የዘለለ ሰው ደግሞ በማግስቱ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ፣ ልቡ ሆዱ ላይ ነው። ታዲያ ምን ይሻላል?

አንደኛ፣ ሽሮን ከሱቅ በኩባያ ስንገዛ የምንከፍለው የእህሉን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የነጋዴውንና የባለሱቁን ትርፍ ጭምር ነው። አራት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን ባቄላውን፣ አተሩን ወይም ሽምብራውን በጥሬው ከገበያ ብንገዛ፣ ለቅመንና ቆልተን፣ ከክተን ብናስፈጭ ግን ወጪው ይቀንሳል። እስቲ እናስላው! እያንዳንዳችን በቀን 5 ብር ብቻ ብናድን፣ ለ4 ሰው በ30 ቀን 600 ብር ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ወቅቱን መምረጥ ነው። የመኸር እህል ከኅዳር እስከ ጥር ታጭዶና ተወቅቶ ገበያ ስለሚገባ ዋጋው ረገብ ይላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ጎተራው ስለሚጎድል ይወደዳል። ስለዚህ የዓመቱን ባንችል እንኳ የሁለት የሦስት ወሩን በጥር እንሸምት። የገዛነውንም ነቀዝ እንዳይበላብን ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቀን፣ ከወለልና ከግድግዳ አርቀን እናስቀምጠው።

ሦስተኛ፣ ርካሽ ሁሉ ትርፍ አይደለም። ጓያ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ይሁን እንጂ አብዝተው አዘውትረው የበሉት እንደሆነ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ሽባነቱም አይድንም። ተፈጭቶ የተሸጠ ሽሮ ውስጥ ምን እንደገባ በዓይን አይለይም። ራሳችን ለቅመን ካስፈጨነው ግን የምንበላውን እናውቃለን።

ሽሮ የድሃ ምግብ ነው እያልን መናቅም አይገባንም። ጥራጥሬ፣ እንደ ጤፍ ያለው እህል የሚያንሰውን የፕሮቲን ክፍል ያሟላል። እንጀራ በሽሮ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል ማለት ነው። ጎመን ከተጨመረበት ደግሞ ማለፊያ ነው።

ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ደመወዝ እስኪደርስ በዱቤ ከመኖር የሚያድነን ይኸው ልማድ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እንግዲያው በየቤታችን እንመካከርና ከሚቀጥለው የገበያ ቀን እንጀምር!