የግቢ ፎርኖ በሳጃና

የአዲስ አበባ ጋራዦች መኪና የሚቀቡበትን ዝግ ክፍል ፎርኖ ይሉታል። ሥራው አጭር ነው፤ ንጹሕ አየር ያስገባል፣ የቀለሙን ብናኝና የቲነሩን ትነት ያስወጣል፣ ትልልቆቹ ደግሞ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እያሞቁ ቀለሙን ያደርቃሉ። ብዙ ሰው ይህ ነገር ሚሊዮን ላለው ጋራዥ ብቻ የተፈጠረ ይመስለዋል። እኔ ግን እስካሁን ካየኋቸው ፎርኖዎች ሁሉ አየርን በደንብ የተረዳው ካርቱም፣ ሳጃና፣ አንድ የጎንደር ሰው በተከራየው ግቢ ውስጥ የሠራው ነው።

ሳጃና ከጦርነቱ በፊት ቤት የሚሠራ ሁሉ የሚሄድበት የግንባታ ዕቃ ገበያ ነበር። ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ቧንቧ፣ ቀለም፤ የሚፈለገው ሁሉ እዚያው ይገኝ ነበር። ሐበሻ ይበዛበት ከነበረው ከዴም ሰፈርም ብዙ አይርቅም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በተነሳው ጦርነት ያ ሁሉ ተበተነ፤ ብዙ ወገናችንም በመተማ በኩል ወደ አገሩ ተመለሰ። ሙያው ግን ከሰዎቹ ጋር ስለመጣ መጻፍ ይገባዋል።

መጠኑን፣ ግድግዳውንና መብራቱን ቶሎ ልለፋቸው። ርዝመቱ ስድስት ሜትር ተኩል፣ ወርዱ አራት ሜትር፣ ከፍታው ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል ለአንድ የቤት መኪና ይበቃል። ቋሚው የብረት ቱቦ፣ ግድግዳው ልሙጥ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን። መብራቱ በመስታወት ተለይቶ ከውጭ ይገጠም።

ዋናው ነገር አየሩ ነው። አብዛኛው ሰው ፎርኖ አቧራ እንዳይገባ የታሸገ ክፍል ነው ብሎ ያስባል። ስለዚህ ቀዳዳውን ሁሉ በላስቲክ ይደፍንና ትነቱ ሲያፍነው አንድ ወደ ውጭ የሚስብ ፋን ይገጥማል። ሁለቱም ስሕተት ነው። ፋን ከክፍሉ አየር ሲስብ የወጣው አየር በሌላ መተካት አለበት፤ የሚተካውም በበሩ ሥር፣ በቆርቆሮው መጋጠሚያ፣ በምስማሩ ቀዳዳ እየገባ ነው። ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል በሚነሳበት ከተማ ይህ ማለት የካርቱምን አቧራ እየጠሩ እርጥብ ቀለም ላይ መንዛት ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የቲነሩ ትነት የሚያልፈው በፋኑ ሞተር ላይ መሆኑ ነው። ቲነር ውስጥ የሚገኘው የቶሉን ትነት ከአየሩ አንድ በመቶ ጥቂት ሲበልጥ እሳት ለመያዝ በቂ ነው፤ ተራ የፋን ሞተር ደግሞ ብልጭታ አያጣም።

የጎንደሩ ሰው አየሩን አይስብም ነበር፤ ይገፋ ነበር። የገፋበትም መሣሪያ በካርቱም ቤቶች መስኮት ላይ የሚታየው፣ በውሃ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ነው። ሱዳኖች ሙከይፍ ይሉታል፤ ውስጡ ትልቅ ፋን፣ ዙሪያው በውሃ የሚርስ የገለባ ንጣፍ ነው። ሁለት ሙከይፎችን በአንደኛው ጫፍ ከፍ አድርጎ ከውጭ ገጠማቸው፤ ከፊታቸው ወፍራም የማጣሪያ ጨርቅ ወጠረ። በሌላው ጫፍ፣ ወደ መሬት ዝቅ ብሎ፣ ብናኝ የሚያስቀር ሌላ ማጣሪያ ያለው መውጫ ተወ። ክፍሉ እንደተነፋ ፊኛ ስለሚሆን ቀዳዳ ቢኖረውም አየር ይወጣበታል እንጂ አቧራ አይገባበትም። ሞተሮቹም ሁልጊዜ ንጹሕ አየር ውስጥ ናቸው፤ ትነቱ አያገኛቸውም። «አቧራን በር ዘግተህ አታስቀረውም፤ ገፍተህ አባርረው» ብሎኝ ነበር። ይህ ክፍል ግን ሰው ከሚተኛበት ቤት ጋር ግድግዳ መጋራት የለበትም፤ የሚገፋው አየር ትነቱንም ይዞ ይሄዳልና።

ስሌቱንም እንየው። በፋብሪካ የተሠራ ፎርኖ ውስጥ አየሩ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ይጓዛል። ወርዱ አራት፣ ከፍታው ሁለት ሜትር ተኩል በሆነ ክፍል ይህ በሰዓት 18,000 ሜትር ኩብ አየር ይፈልጋል። እያንዳንዱ ሙከይፍ 5,000 ቢገፋ ሁለቱ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠውን ይሰጣሉ፤ ማጣሪያው ሲቆሽሽ ደግሞ ይቀንሳል። አልፎ አልፎ አንድ መኪና ለሚቀባ ሰው በቂ ነው፤ በየቀኑ ለሚሠራ ግን አይበቃም። ከመጸዳጃ ቤት መስኮት የተነቀለች ትንሽ ፋን ገጥመው «አየር አለው» የሚሉ ሰዎች ይህን ቁጥር ያስቡበት።

ውኃውስ ቀለሙን አያበላሽም? በካርቱም በጋ አየሩ እጅግ ደረቅ ስለሆነ ገለባው ቢያረጥበውም ለቀለም የሚከብድ እርጥበት አይደርስም። እንዲያውም ይጠቅማል፤ ደረቅ አየር የመኪናውን የፕላስቲክ መከላከያ በስታቲክ ኤሌክትሪክ ስለሚሞላው አቧራው እየበረረ ይለጠፍበታል። የመኪናውን አካል በሽቦ ከመሬት ጋር ማገናኘትም ለዚሁ ነው። ነገር ግን ጠብታ እንዳያልፍ የማጣሪያው ጨርቅ ደረቅ ይሁን፤ የመጨረሻው የክሊር ንብርብር ሲረጭም የውሃው ፓምፕ ይጥፋ። ካርቱም ክረምት ሲገባ ወይም አዲስ አበባ በሐምሌ ውኃው ጨርሶ አያስፈልግም፤ ደረቁ ማጣሪያ ብቻ ይሥራ።

አየሩ በትክክል መሄዱን ለማየት የጎንደሩ ሰው ዕጣን ያጨስ ነበር። ቲነር ሳይከፈት፣ ቀለም ሳይገባ፣ ማጨሻውን ይዞ ከጥግ ወደ ጥግ ይዞርና ጭሱ የሚሽከረከርበትን ቦታ ይለያል። ከዚያ ማጨሻውን ከግቢ ያስወጣል። እንዲህ ያለ ፍተሻ ትልቅ ጋራዥ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

ክፍሉ ይህን ሁሉ አሟልቶም ቀለሙ ላይ ፍሬ የመሰለ ነገር ከታየ አቧራው ያለው ከቀቢው ዘንድ ነው። ስቱኮ ሲፈገፍግ በዋለበት ልብስ የሚገባ፣ የበሩን ስንጥቅና የጎማውን ጉድጓድ በኮምፕሬሰር ሳያራግፍ የሚረጭ ሰው የራሱን አቧራ እየቀባ ነው። በ40 ዲግሪ ሙቀት ፈጣን ቲነር የሚጠቀምም እንዲሁ፤ ቀለሙ አየር ላይ እንዳለ ደርቆ የብርቱካን ልጣጭ ይመስልበታል። ለቆላ ዘገምተኛ ቲነር ይገዛል፤ ሥራውም ማለዳ ላይ ይጀመራል።

አንድ ነገር ግን በጣም ያስቆጣኛል። የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። እዚያው ግቢ ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላት እሳትን በእጅ መጥራት ነው። ቀለም የሚረጭ ቀን ቡናው ጎረቤት ይጠጣ።

በመጨረሻም ሃርድነር ያለው የመኪና ቀለም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ። አስም ያስከትላል፤ አንዴ ሰውነትን ካስቆጣ በኋላ ጥቂቱ እንኳ ትንፋሽ ያሳጣል፤ ሽታው ከመታወቁ በፊትም ሊጎዳ ይችላል። የአፍ መሸፈኛ ጨርቅም ሆነ የአቧራ ማስክ አያግደውም። የሚመከረው በቱቦ ንጹሕ አየር የሚያስገባ ጭምብል ነው። መተማ፣ ገንዳ ውኃ ወይም ሁመራ ላይ የሳጃናን ዘዴ ልትሞክሩ ያሰባችሁ፣ ብር ካነሰ ሁለተኛው ሙከይፍ ይቆይ፤ መጀመሪያ ጭምብሉን ግዙ።