በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ሳንቃ

ደብተርና እርሳስ አቅርቡ፤ ዛሬ ጥቂት ሂሳብ አለብን።

የዛሬው ትምህርታችን ስኖውቦርድ ስለሚባል የብርድ አገር ጨዋታ ነው። በዚያ አገር ክረምት ሲገባ ተራራው በአመዳይ ይሸፈናል። አመዳይ ማለት እንደ ተነደፈ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚወርድ በረዶ ነው። ተጫዋቹ ሁለት እግሩን በአንድ ሰፊ ሳንቃ ላይ አስሮ ቁልቁል ይንሸራተታል። በ1965 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በአሜሪካ አገር በሚሺጋን፣ ሸርማን ፖፐን የሚባል ሰው ሁለት የበረዶ መንሸራተቻዎችን ጎን ለጎን አያይዞ ለልጆቹ መጫወቻ ሠራ። ጨዋታው እያደገ ሄደና በ1998 በጃፓን፣ በናጋኖ ከተማ፣ በክረምት ኦሊምፒክ ውድድር ውስጥ ገባ።

«ታዲያ ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ትሉ ይሆናል። ሳንቃውን የሚያንሸራትተው ሕግና በዝናብ ቀን መኪናን ከመንገድ የሚያስወጣው ሕግ አንድ ነው። ሕጉን ያወቀ ሰው ይጠነቀቃል።

አንደኛ፤ ሰውየው ለምን አይሰምጥም?

60 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንውሰድ። 60 ኪሎ 60,000 ግራም ነው። ሁለቱ ጫማዎቹ በአንድነት 500 ካሬ ሳንቲ ሜትር ቢረግጡ፣ በያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 120 ግራም ያርፋል። አመዳዩ ይህን አይችልም፤ ሰውየው ይሰምጣል። ሳንቃው ግን 3,000 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይረግጣል እንበል። 60,000ን ለ3,000 አካፍሉ። 20 ግራም ብቻ! ክብደቱ አልቀነሰም፤ ተከፋፈለ እንጂ። እኛም ጭቃ ላይ ጣውላ ዘርግተን ስንሻገር የምንሠራው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፤ ማን ይነዳዋል?

ሞተር የለውም። የሚነዳው የመሬት ስበት ነው። ከፍታው ወደ ፍጥነት ይለወጣል። የሚያግደው ነገር ባይኖር፣ 5 ሜትር ዝቅ ሲል ፍጥነቱ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። በእርግጥ ነፋስና ሰበቃ ይቀንሱለታል። ሰበቃ ምንድን ነው? ሁለት ነገሮች ሲፋተጉ እንቅስቃሴን የሚይዘው ኃይል ነው።

ሦስተኛ፤ በረዶ ለምን ያንሸራትታል?

እስቲ ሁለት መዳፋችሁን አፋትጉ። ሞቀ አይደል? ሳንቃውም ከበረዶው ጋር ሲፋተግ ጥቂት ሙቀት ይፈጠራል። የበረዶው የላይኛው ገጽ ደግሞ ከውስጡ ይልቅ የላላ ነው። ስለዚህ በመካከላቸው እጅግ ስስ የሆነ ውሃ ይፈጠራል፤ ሰበቃውም ይቀንሳል። ተጫዋቾች ሳንቃው ውሃውን እንዳይዝ ከሥሩ ሰም ይቀቡታል።

አራተኛ፤ እንዴት ይዞራል? እንዴትስ ይቆማል?

ትልቁ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። የሳንቃው ጠርዝ ስለታም ብረት አለው። ሰውየው ወደ ጎን ሲያጋድል ክብደቱ በሙሉ በቀጭኑ ጠርዝ ላይ ያርፋል። ጠርዙ እንደ ቢላዋ በረዶውን ይነክሳል። የሳንቃው ወገብ ቀጠን ያለ ስለሆነም አካሄዱ ጎባጣ ይሆናል፤ ይዞራል ማለት ነው። ፍጥነቱን ለመቀነስ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። የሊማሊሞ መንገድም የሚጠማዘዘው ቁልቁለቱን ለማለዘብ ነው።

ለመቆም ሳንቃውን ወደ ጎን አዙሮ በላይኛው ጠርዝ ይቆማል። በስሕተት የታችኛው ጠርዝ በረዶውን ከነከሰ ግን ሳንቃው በድንገት ይያዛል፤ ሰውየውም ይወረወራል። ራስ መከላከያ ቆብ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን መንገድ እንመለስ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ አይደለም፤ አራት እጥፍ ነው! በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከያዘ በኋላ በ10 ሜትር ቢቆም፣ በ60 የሚሄደው 40 ሜትር ይፈልጋል። መንገዱ እርጥብ ከሆነ ሰበቃው ስለሚቀንስ ርቀቱ ከዚህም ይበልጣል። ሾፌሩ ቢያያችሁና ፍሬን ቢረግጥ እንኳ መኪናው ላይቆምላችሁ ይችላል። በዝናብ ቀን መንገድ ስትሻገሩ ይህን አስቡ፤ ለልጆቻችሁም ንገሩ።

በነገራችን ላይ፣ የበረዶ ስፖርት ለኢትዮጵያዊ ባዕድ አይደለም። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በኢጣልያ፣ በቱሪን በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ አገራችንን ወክሎ በስኪ ተወዳድሯል። ስኪ ለየእግሩ አንዳንድ የሚታሰር ጠባብ መንሸራተቻ ነው።

ጥያቄዎች

1. 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚያው ሳንቃ ላይ ቢቆም በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ ስንት ግራም ያርፋል?
2. ጫማችሁ አዲስ ሲሆንና ሥሩ ሲያልቅ፣ በጭቃ ላይ ልዩነቱ ምንድን ነው? ለምን?

መልሱን ጽፋችሁ ከጎረቤት ጋር አስተያዩ። ደህና እደሩ።