«ቢሉ» እና «አንድም»፤ መጽሐፍ ቅዱስን ለብቻ ለማጥናት

መጽሐፍ ቅዱስ ከቤትዎ አይጠፋም። ነገር ግን የሚገለጠው መቼ ነው? ብዙ ሰው በጭንቀት ሰሞን እንደ መጣለት ይገልጥና ዐይኑ ያረፈበትን መስመር እንደ ዕጣ ይወስደዋል። ትዳር መያዝና መንገድ መሄድ ሳይቀር በዚህ የሚወሰንበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያነበበ ሰው አንድ ቁጥር ነጥሎ ይዞ የሚመጣ ተከራካሪ ሲገጥመው መልስ ያጣል።

የጥናት ዘዴ ሲነሣ ወደ ባሕር ማዶ መጻሕፍት የሚሮጡ ወጣቶች አሉ። ዳሩ ግን የአገራችን የትርጓሜ ቤት መምህራን ለብዙ ዘመን ያስተማሩበት አንድምታ የሚባል መንገድ አለ። ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን በአራት ጉባኤ የሚያስተምር ስለ ሆነ ለመፈጸም ብዙ ዓመት ይጠይቃል። እንግሊዛዊው ሮጀር ካውሊ ይህንኑ ትርጓሜ አጥንቶ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1988 መጽሐፍ አሳትሞበታል። (ባሕር ማዶ የሮጠው ወጣት እዚያ የሚያገኘው የገዛ አገሩን ትምህርት ነው ማለት ነው!)

ለግል ጥናት ከዚህ ሁሉ ሁለት ቃል ይበቃናል። መምህሩ ንባቡን ከተረጐመ በኋላ ራሱ ጠያቂ ሆኖ «ስለ ምን እንዲህ ሆነ ቢሉ» ይልና ራሱ ይመልሳል። ሌላም መልስ ሲኖር «አንድም» ብሎ ይጨምራል፤ የፊተኛውን አያፈርስም።

እንሞክረው። ደብተርና እርሳስ ይያዙ። ቤት ውስጥ ጫጫታ ካለ ከየካ ሚካኤል በላይ ወይም በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር መቀመጥ ይቻላል። የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 19 ገልጠው ከቁጥር 1 እስከ 10 ብቻ፣ ሁለት ጊዜ ያንብቡ። ታሪኩ የኢያሪኮው የቀራጮች አለቃ የዘኬዎስ ነው።

በግራው ገጽ ጥያቄ ይጻፉ፤ ዘኬዎስ ስለ ምን ዛፍ ላይ ወጣ ቢሉ። በቀኙ መልሱን፤ ቁመቱ አጭር ስለ ነበር። አንድም ሕዝቡ ስለ ከለለው። ስለ ምን ሾላ ሆነ ቢሉ፤ የሾላ ቅርንጫፍ ዝቅ ብሎ ስለሚዘረጋ ለአጭር ሰው ይመቻል። የሾላ ገበያ ሰፈር ሰው ለዚህ መምህር አያሻውም።

ከበድ ያለው ቀጥሎ ይመጣል። ዘኬዎስ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል መግባቱ ስለ ምን ነው ቢሉ፤ አሁን ወደ ኦሪት መሄድ ግድ ነው። ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 በደሉን ተናዞ የሚመልስ ሰው ዋናውን ከፍሎ አንድ አምስተኛ እንዲጨምር ያዝዛል። ዘጸአት ምዕራፍ 22 ግን በግ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ ሰው ስለ አንዱ በግ አራት እንዲከፍል ይፈርዳል። እንግዲህ ዘኬዎስ ቀላሉን ትቶ በራሱ ላይ የሌባውን ፍርድ ፈረደ ማለት ነው። ቀራጭ ይህን ሲያደርግ ያየ የኢያሪኮ ሕዝብ ምን ብሎ ይሆን?

ሆኖም «አንድም» ልብ ያመጣውን ሁሉ ለመጻፍ ፈቃድ አይሰጥም፤ ሊቃውንቱ የሚሉት ከመምህር የተቀበሉትን ነው። የእርስዎም «አንድም» ከመጽሐፉ ምስክር ሊኖረው ይገባል። ምስክር ካጡለት ቀኙን ገጽ ባዶ ይተዉትና ጥያቄውን ወደ አጥቢያዎ መምህር ይውሰዱ። እኔ በበኩሌ የተማሪዎቼን ደብተር ስመለከት ከተሞላው ይልቅ እንዲህ ያለው ባዶ ገጽ ያስደስተኛል።

በቀን አሥር ቁጥር ይበቃል። ነገ ከቁጥር 11 ጀምሮ ያለውን የምናን ምሳሌ ለብቻዎ ይያዙ፤ የመጨረሻው ባሪያ ምናኑን ስለ ምን በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠው ቢሉ?