ከፍቺ በኋላ የተሰጠን የፍርድ ቤት ትእዛዝ አለመፈጸም የሚያስከትለው ተጠያቂነት

ፍቺ ጋብቻን ያፈርሳል እንጂ የወላጅነትን ግዴታ አያፈርስም። ፍርድ ቤት ፍቺን ሲወስን ልጆች ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ቀለባቸው እንዴት እንደሚሸፈን፣ ሌላኛው ወላጅ መቼ እንደሚጠይቃቸውና የጋራ ንብረት እንዴት እንደሚከፋፈል ትእዛዝ ይሰጣል። ትእዛዙ ሥልጣን ባለው ፍርድ ቤት እስካልተለወጠ ወይም እስካልታገደ ድረስ ሁለቱንም ወገኖች ያስገድዳል። ይህ ጽሑፍ በወልቂጤ፣ በቡታጅራና በአካባቢያቸው ለሚኖሩ ተገልጋዮች ትእዛዝ ሳይፈጸም ሲቀር የሚከተለውን ሥነ ሥርዓት ያብራራል።

መታረም ያለባቸው ግንዛቤዎች

1. «ልጄን ካላየሁ ቀለብ አልከፍልም» ወይም «ቀለብ ካልከፈለ ልጁን አላሳይም» ማለት አይቻልም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበት ይደነግጋል። ቀለቡም ሆነ ጥየቃው በመጀመሪያ ለልጁ የተወሰነ ነው። ልጁ መስቀልን ወይም አረፋን ከአባቱ ጋር እንዲያሳልፍ የታዘዘ እንደሆነ እናት ያልተከፈለ ቀለብን ምክንያት አድርጋ ልታስቀረው አይገባም፤ ቀለቡን በአፈጻጸም ትጠይቃለች።

2. «ይግባኝ ብያለሁ» ማለት ብቻውን አፈጻጸምን አያስቆምም። አፈጻጸም የሚቆመው ይግባኙን የሚመለከተው ፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ ሲሰጥ ነው።

3. «በሽማግሌ ተስማምተናል» የሚለው ምክንያት ስምምነቱ ለፍርድ ቤት ቀርቦ ካልጸደቀ አያድንም። በጆካ ሥርዓትም ሆነ በሌሎች የአካባቢው የሽምግልና ሥርዓቶች የሚደረግ እርቅ የተከበረ ነው። ሆኖም የፍርድ ቤትን ትእዛዝ የሚለውጠው ፍርድ ቤቱ ራሱ ነው።

4. «በእጅ ሰጥቻለሁ» የሚል ተከራካሪ ማስረጃ ማቅረብ ይኖርበታል። ከፍርድ ቤት ውጭ የተከፈለ ገንዘብ ለፍርድ ቤቱ ካልተገለጸና ካልተረጋገጠ እንዳልተከፈለ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ክፍያን በባንክ መፈጸምና ደረሰኙን መያዝ ይመረጣል።

አፈጻጸም የሚጠየቅበት አግባብ

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እንደሚደነግገው ፍርድ በራሱ አይፈጸምም፤ የፍርድ ባለመብቱ የአፈጻጸም ማመልከቻ ማቅረብ አለበት። ማመልከቻው ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ይቀርባል። የፍርድ ባለዕዳው ወይም ንብረቱ በሌላ ፍርድ ቤት የዳኝነት ክልል ውስጥ ከሆነ ፍርዱ ወደዚያ ተልኮ እንዲፈጸም ሊታዘዝ ይችላል። ለአብነት እናት በቡታጅራ፣ አባት ደግሞ በአዲስ አበባ መርካቶ በንግድ የሚተዳደር ቢሆን ርቀቱ አባትን ከግዴታው ነጻ አያደርገውም።

ፍርድ ቤቱ ሊወስዳቸው የሚችላቸው እርምጃዎች

- የፍርድ ባለዕዳውን በመጥሪያ ጠርቶ ያልፈጸመበትን ምክንያትና ያለውን ሀብት መመርመር፤ መጥሪያ ደርሶት ካልቀረበ በፖሊስ ተይዞ እንዲቀርብ ማዘዝ፤
- ከደመወዙ በሕግ በተፈቀደው መጠን ተቀንሶ ገቢ እንዲሆን ለአሠሪው ትእዛዝ መስጠት፤
- የባንክ ሒሳቡን፣ ተሽከርካሪውን ወይም ቤቱን በማስከበር እንደ አስፈላጊነቱ በሐራጅ ማሸጥ፤
- እየቻለ ሆን ብሎ ያልፈጸመን ሰው ከ6 ወር ለማይበልጥ ጊዜ እንዲታሰር ማዘዝ። ይህ እስራት ዕዳውን አያስቀርም፤ ባለዕዳው ሲፈታ ቀለቡ አሁንም ይጠበቅበታል።

ከዚህ በተጨማሪ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 658 አቅም እያለው ያለ በቂ ምክንያት በሕግ የሚጠበቅበትን ቀለብ የማይሰጥን ሰው ያስቀጣል። በእግድ የተያዘን ንብረት መሸጥ ወይም ማሸሽ፣ ልጅን መደበቅና እንዲያሳድግ ለተወሰነለት ወላጅ አልመልስም ማለትም እንደ ሁኔታው በወንጀል ሊያስጠይቁ ይችላሉ።

የጊዜ ገደብ

የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ3 ወር በላይ ሳይከፈልና ሳይጠየቅ የቆየ የቀለብ ውዝፍ፣ ለቀለብ ተቀባዩ መተዳደሪያ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር፣ ቀሪ እንደሚሆን ይደነግጋል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በአካባቢዎ የሚሠራበትን ድንጋጌ የሕግ ባለሙያ ይጠይቁ። «ዛሬ ነገ ይከፍላል» ብሎ በትዕግሥት መጠበቅ የልጅን መብት ሊያሳጣ ስለሚችል ክፍያ በተቋረጠ ጊዜ ሳይዘገዩ ማመልከት ያስፈልጋል። የንብረት ክፍፍልን ጨምሮ የፍርድ አፈጻጸም ጥያቄ በ10 ዓመት የጊዜ ገደብ የሚታገድ መሆኑም ሊታወቅ ይገባል።

ትእዛዙን መፈጸም የተሳነው ሰው ምን ማድረግ አለበት?

ሥራ ማጣት፣ ሕመም ወይም የንግድ መክሰር ሊያጋጥም ይችላል። መፍትሔው ክፍያን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይደለም። የገቢውን መለወጥ የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ የቀለቡ መጠን እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል። የልጁ ፍላጎት በጨመረ ጊዜም አሳዳጊው ወላጅ በተመሳሳይ መንገድ ጭማሪ መጠየቅ ይችላል። አዲስ ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ ግን የቀድሞው የጸና ነው።

ማሳሰቢያ

የአፈጻጸም ማመልከቻ ለማቅረብ የሚመጡ ተገልጋዮች የሚከተሉትን እንዲይዙ ይመከራል፦

- የፍርዱን ትክክለኛ ግልባጭ እና የመዝገቡን ቁጥር፤
- የፍርድ ባለዕዳውን አድራሻና የሥራ ቦታ፤
- የሚታወቅ ንብረቱን ዝርዝር፤
- ያልተከፈለባቸውን ወራት የሚያሳይ መግለጫ።

የዳኝነት ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው ይህንኑ በማስረጃ አስደግፎ ከክፍያ ነጻ እንዲስተናገድ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ማመልከቻ ለማዘጋጀት ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ተገልጋዮች በአቅራቢያቸው በሚገኝ የፍትሕ ጽሕፈት ቤት ወይም የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ቀርበው ምክር ሊጠይቁ ይችላሉ።